የጎማ ንፋስ ማስጠንቀቂያ መብራት፦ መሙላት፣ ሪሴት ማድረግ፣ ማስመዝገብ ወይስ ሴንሰር መቀየር?

በዳሽቦርዱ ላይ የፈረስ ኮቴ በመሰለ ቅርጽ ውስጥ ቃለ አጋኖ የያዘው ቢጫ መብራት ሲበራ አሽከርካሪ ምክር አያጣም። ጎሚስታው ንፋስ ይሞላ ይላል። መካኒኩ በኮምፒውተር ይታይ ይላል። መኪና አውቃለሁ የሚል ወዳጅ ደግሞ «ሪሴት አድርገውና ተገላገል» ይላል። እያንዳንዱ ምክር የሚሠራበት መኪና አለ፤ የማይሠራበትም አለ። ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያባክነው ይህን ሳይለይ የመጀመሪያውን ምክር ተቀብሎ ስለሚሄድ ነው። ከዚህ በታች መጀመሪያ መመዘኛዎቹን፣ ቀጥሎ አማራጮቹን አንድ በአንድ እናያለን። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

መብራቱ የቅንጦት ነገር አይደለም። ንፋሱ የጎደለ ጎማ በዞረ ቁጥር ግድግዳው እየታጠፈ ይሞቃል፤ በፍጥነት መንገድ ላይ ለረጅም ጊዜ የሞቀ ጎማ ሊፈነዳ ይችላል። አሜሪካ ይህን የጎማ ንፋስ መቆጣጠሪያ ያስገደደችው የፋየርስቶን ጎማዎች በፎርድ ኤክስፕሎረር መኪኖች ላይ እየተላጡ ብዙ ሰው ካለቀ በኋላ ነው። ሕጉ በ2000 ወጣ፤ ከ2008 ሞዴል ጀምሮ ለአሜሪካ ገበያ የተሠሩ ቀላል መኪኖች ሁሉ ይህ መብራት አላቸው። የአውሮፓ ኅብረት ከኖቬምበር 2014 ጀምሮ በአዲስ የቤት መኪኖች ሁሉ ላይ ግዴታ አደረገው፤ ቻይና ከ2020 ጀምሮ። መኪናዎ በመጀመሪያ ለየትኛው አገር ገበያ እንደተሠራ ማወቅ የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

መመዘኛዎቹ

የመጀመሪያው የመብራቱ አመል ነው። መኪናው ሲነሳ በርቶ ሳይርገበገብ ከቆየ፣ ከጎማዎቹ ቢያንስ የአንዱ ንፋስ ጎድሏል። ለአንድ ደቂቃ ወይም ለደቂቃ ተኩል ያህል ብልጭ ድርግም ካለ በኋላ በርቶ ከቀረ ግን የታመመው መቆጣጠሪያው ራሱ ነው፤ የሴንሰር ባትሪ አልቋል፣ ሴንሰር የሌለው ጎማ ታስሯል፣ ወይም መኪናው የማያውቀው ሴንሰር ገብቷል። ይህንን ሁለተኛውን መብራት የዓለምን ንፋስ ቢሞሉበት አይጠፋም።

ሁለተኛው የመቆጣጠሪያው ዓይነት ነው። ቀጥተኛ በሚባለው ዓይነት በየጎማው ውስጥ፣ ከቫልቩ ሥር፣ በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ሴንሰር አለ፤ ግፊቱን ለክቶ በሬዲዮ ሞገድ ይልካል። ቀጥተኛ ያልሆነው ሴንሰር የለውም። የኤቢኤስ ፍሬን የጎማዎቹን ፍጥነት ስለሚለካ፣ ንፋሱ የጎደለው ጎማ ዙሪያው ትንሽ አንሶ ከሌሎቹ ፈጥኖ ሲዞር ያንን ልዩነት ያያል። ለመለየት ብዙ አያስቸግርም። ዳሽቦርዱ ላይ የየጎማው ግፊት በቁጥር የሚታይ ከሆነ ቀጥተኛው ነው። ቸርኬው ላይ የብረት ቫልቭ ከነብሎኑ ከታየም ብዙውን ጊዜ ቀጥተኛው ነው፤ ነገር ግን የላስቲክ ቫልቭ ያላቸው ሴንሰሮችም ስላሉ ላስቲክ ስላዩ ብቻ ሴንሰር የለም ብለው አይደምድሙ።

ሦስተኛው፣ ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው፣ ዘዴው እውነተኛውን ጉድለት ይደብቃል ወይ የሚለው ነው። አራተኛው ወጪና መሣሪያ፣ አምስተኛው መፍትሔው ለምን ያህል ጊዜ ይቆያል የሚለው ነው።

የትኛውንም ከመምረጥዎ በፊት ይለኩ

ጎሚስታው የንፋስ ቱቦውን ይዞ «ስንት ልሙላው?» ሲል አብዛኛው ሰው «እንደተለመደው» ብሎ ይመልሳል። የተለመደው ደግሞ 30 ፒኤስአይ (የጎማ ግፊት መለኪያ አሃድ) ነው። ትክክለኛው ቁጥር የተጻፈው የሾፌሩን በር ሲከፍቱ በምሰሶው ላይ በሚታየው ወረቀት ላይ ነው፤ ለፊትና ለኋላ ጎማ የተለያየ ሊሆን ይችላል። በጎማው ግድግዳ ላይ የታተመው ቁጥር ጎማው የሚችለው ከፍተኛ መጠን ስለሆነ በእሱ አይሙሉ። ወረቀቱ በኪሎ ፓስካል ከሆነ 220 ማለት 32 ፒኤስአይ፣ 250 ማለት 36 ነው፤ በባር ከሆነ 1 ባር 14.5 ፒኤስአይ ነው።

የሚለካው ጎማው ሲቀዘቅዝ ነው፤ መኪናው ሦስት ሰዓት ያህል ቆሞ ወይም ከሁለት ኪሎ ሜትር ያነሰ ተጉዞ። ሲነዳ የዋለ ጎማ ሞቆ ጥቂት ፒኤስአይ ጨምሮ ስለሚታይ፣ በዚያ ሰዓት «በዝቷል» ብሎ ማስተንፈስ በማግስቱ ጠዋት መብራቱን ራስዎ እንደማብራት ነው። ሙቀት በየ6 ዲግሪ ሴንቲግሬዱ 1 ፒኤስአይ ያህል ይጨምራል፤ ቅዝቃዜ ያንኑ ያህል ይቀንሳል። በዋሽንግተን ወይም በሚኒሶታ የመጀመሪያው ብርድ በገባበት ጠዋት የብዙ ሰው መብራት በአንድ ቀን የሚበራው፣ ከሰዓት በኋላም አንዳንዱ ራሱ የሚጠፋው በዚህ ምክንያት ነው።

ለአዲስ አበባ አሽከርካሪ ደግሞ በመኪናው የመመሪያ መጽሐፍ ውስጥ እምብዛም የማይገኝ ነገር አለ፤ ከፍታው። በባሕር ጠለል ላይ የአየር ግፊት 14.7 ፒኤስአይ ነው። 2,300 ሜትር አካባቢ ላይ ባለችው አዲስ አበባ ግን 11 ገደማ ነው። በጎማው ውስጥ ያለው ሴንሰር የሚለካው ፍጹም ግፊትን (የውጭው አየር ግፊት የተደመረበትን) ስለሆነ፣ መኪናው የውጭውን አየር ግፊት መቀነስ አለበት። አንዳንድ መኪኖች የሚቀንሱት የትም ይሁኑ የት የባሕር ጠለሉን 14.7 ነው። በእንደዚህ ዓይነቱ መኪና አዲስ አበባ ላይ የጎሚስታው መለኪያ 32 ሲያሳይ ዳሽቦርዱ 28 ተኩል ገደማ ያሳያል። ጎሚስታውም አልዋሸም፣ ሴንሰሩም አልተበላሸም። ነገር ግን ወረቀቱ 36 የሚል መኪና ላይ «እንደተለመደው» 30 ሲሞላ፣ መኪናው የሚያነበው 26 ተኩል ይሆናል። ብዙ መኪኖች መብራቱን የሚያበሩት ግፊቱ ከታዘዘው 25 በመቶ ሲወርድ ነው፤ የ36ቱ ገደብ 27 ስለሆነ መብራቱ ይበራል። ባለቤቱ «አሁን አስሞልቼ ነው የመጣሁት» እያለ ሴንሰር ወደሚቀይር ሰው ይሄዳል። የሚያስፈልገው ግን 36 መሙላት ብቻ ነበር።

ወደ ቆላ ሲወርዱ ነገሩ ይገለበጣል። ከአዲስ አበባ መተሐራ ሲደርሱ በከፍታው ምክንያት ብቻ በእጅ መለኪያ የሚታየው ግፊት 2 ፒኤስአይ ያህል ይቀንሳል፤ የመተሐራ ሙቀት ደግሞ የቀነሰውን ያህል ገደማ ይመልሳል። ስለዚህ ለጉዞው ብሎ ንፋስ መቀነስም መጨመርም አያስፈልግም፤ በወረቀቱ ልክ በቀዝቃዛ ጎማ ሞልቶ መውጣት ይበቃል።

አማራጭ 1፦ ንፋስ መሙላትና መንዳት

መብራቱ ሳይርገበገብ ከበራ ሁልጊዜ ከዚህ ይጀመራል። አራቱንም ጎማ በወረቀቱ ልክ ይሙሉ፤ ስኮርታውንም አይርሱ፤ ለአሜሪካ ገበያ በተሠሩ አንዳንድ የቶዮታ መኪኖች፣ ለምሳሌ በፎርራነር፣ ስኮርታውም የራሱ ሴንሰር አለው። አራቱን ሞልተው መብራቱ አልጠፋ ያላቸው አንዳንድ ሰዎች ጥፋተኛው ማንም ያላየው አምስተኛው ጎማ ሆኖ ያገኙታል። ከዚያ ከተማ ውስጥ ከሩብ እስከ ግማሽ ሰዓት ይንዱ፤ ሴንሰሮቹ ቆመው እምብዛም ስለማያወሩ ዜናው ለመድረስ ጊዜ ይወስዳል። ቀጥተኛ መቆጣጠሪያ ያላቸው አብዛኞቹ መኪኖች ከዚህ በኋላ ራሳቸው ያጠፉታል። አንዳንድ የኒሳን መኪኖች እየሞሉ ሳለ ግፊቱ ልክ ሲደርስ ጥሩንባ ያሰማሉ።

ወጪው ከሁሉም ያነሰ ነው፤ ምንም ነገር አይደብቅም። በካሊፎርኒያ ነዳጅ ለቀዳ ሰው ማደያው ንፋስ በነጻ እንዲሰጥ ሕግ ያስገድዳል።

ያው ጎማ በሳምንቱ እንደገና ከጎደለ ግን የሚያፈስበት ቦታ አለ። እዚህ ላይ የጎሚስታ እጅ ከማንኛውም ኮምፒውተር ይበልጣል። ጎማው ወልቆ ገንዳው ውስጥ ሲጠልቅና ቀስ እያለ ሲዞር ከአንድ ቦታ አረፋ ተከታትሎ ይወጣል። ከመሐሉ ከወጣ ሚስማር ነው። ከቸርኬው ጠርዝ ከወጣ ቸርኬው ታጥፏል ወይም ዝጓል፤ ከቫልቩ ከወጣ ጥቂት ገንዘብ የሚፈጅ ሥራ ነው። ሚስማሩ ግድግዳው ላይ ከሆነ ጎማውን ይቀይሩ፤ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ጎማ ለፍጥነት መንገድ አይታመንም።

አማራጭ 2፦ ሪሴት ማድረግ

ከሁሉም በላይ ያለ ቦታው የሚሠራበት ይህ ነው። የሪሴት ቁልፉ ጎማ አይጠግንም፤ ለመኪናው «አሁን ያለውን ሁኔታ እንደ ልክ ያዘው» የሚል ትእዛዝ ይሰጣል። በ24 ፒኤስአይ ላይ ቢጫኑት፣ ቀጥተኛ ባልሆነው መቆጣጠሪያ ላይ 24ን ልክ አድርጎ ይማረዋል፤ ከዚያ በኋላ መብራቱ የሚበራው ከዚያም በታች ሲወርድ ነው። በአንዳንድ ቀጥተኛ መቆጣጠሪያዎችም እንዲሁ ነው። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ አይለወጥም፤ መጀመሪያ በቀዝቃዛ ጎማ መሙላት፣ ቀጥሎ ሪሴት።

አስፈላጊ የሚሆነው ቀጥተኛ ባልሆነው መቆጣጠሪያ ላይ ንፋስ ከተስተካከለ፣ ጎማ ከተቀየረ ወይም ፊትና ኋላው ከተለዋወጠ በኋላ ነው። አሠራሩ እንደ መኪናው ይለያያል። ቁልፍ ባላቸው ቶዮታዎች፣ መኪናው ቆሞ ማብሪያው ኦን ላይ እንዳለ፣ ከመሪው በታች ወይም በጓንት ሳጥኑ ውስጥ ያለው ቁልፍ መብራቱ ቀስ ብሎ ሦስት ጊዜ እስኪርገበገብ ድረስ ተጭኖ ይያዛል። በቁልፍ የሚሠሩ ሆንዳዎች ላይ ሁለት ጊዜ እስኪርገበገብ ነው። ቮልስዋገኖችና አዳዲስ መኪኖች ከስክሪኑ ምናሌ ውስጥ ያደርጉታል። ከዚያ በኋላ መኪናው አዲሱን ልክ ለመማር መንዳት ይፈልጋል፤ ሆንዳ ለምሳሌ በአጠቃላይ ግማሽ ሰዓት ያህል የጎዳና ጉዞ ይጠይቃል። ተጭነው ወዲያው «አልሠራም» ብለው ተስፋ አይቁረጡ።

ድክመቱን ማወቅ ያስፈልጋል። ጎማዎችን እርስ በርስ እያነጻጸረ የሚሠራው ዓይነት፣ አራቱም እኩል ቀስ በቀስ ሲጎድሉ ላያስተውል ይችላል። የዚህ መኪና ባለቤት በወር አንድ ጊዜ በእጅ መለኪያ ማየት ግዴታው ነው።

አማራጭ 3፦ በመሣሪያ ማስመዝገብ

እያንዳንዱ ሴንሰር የራሱ መለያ ቁጥር አለው። ሴንሰር ሲቀየር ወይም ሴንሰር ያለው ሌላ ቸርኬ ሲታሰር መኪናው አዲሱን ቁጥር መማር አለበት። አንዳንዱ እየተነዳ ራሱ ይማራል። ሌላው መሣሪያ ይፈልጋል፤ ባለሙያው መሣሪያውን በየጎማው ቫልቭ አጠገብ ይዞ ሴንሰሩን ይቀሰቅሰዋል፣ ወይም ቁጥሮቹን ከመሪው ሥር ባለው የምርመራ ሶኬት በኩል ያስገባል። በጂኤም (ጄኔራል ሞተርስ) መኪኖች ላይ ቅደም ተከተሉ ከግራ ፊት ተነስቶ ቀኝ ፊት፣ ቀኝ ኋላ፣ በመጨረሻ ግራ ኋላ ነው።

ሴንሰሮቹ ጤነኛ ከሆኑ ወጪው መካከለኛ ነው። ለባለሙያው አንድ ጥያቄ ያቅርቡ፦ «የጎማ ሴንሰር የሚያነብ መሣሪያ አለህ?» የሞተር ስህተት ኮድ የሚያነብ ሁሉ የጎማ ሴንሰር አይቀሰቅስም። መብራቱን ለጊዜው አጥፍቶ የሚመልስልዎ ሰው ሥራውን አልሠራም፤ ሥራው ተሠርቷል የሚባለው የአራቱንም ጎማ ግፊትና የባትሪ ሁኔታ በመሣሪያው ስክሪን ላይ ሲያሳይዎ ነው።

አማራጭ 4፦ ሴንሰር መቀየር

የሴንሰር ባትሪ ከ5 እስከ 10 ዓመት ያገለግላል፤ ከሴንሰሩ ጋር አብሮ የታሸገ ስለሆነ ባትሪውን ብቻ መቀየር አይታሰብም። የ2012 ሞዴል መኪና ላይ አንዱ ሴንሰር ከሞተ ሦስቱም እኩዮቹ ናቸው። አቅም ካለ አራቱንም በአንድ ጊዜ፣ ከተቻለም ጎማ በሚቀየርበት ቀን መቀየር ያዋጣል፤ ጎማው ለማንኛውም ስለሚወልቅ የእጅ ዋጋ ሁለት ጊዜ አይከፈልም።

ሲገዙ ሞገዱን ያረጋግጡ። ለአሜሪካ ገበያ የተሠሩ ብዙ መኪኖች 315 ሜጋኸርትዝ፣ የአውሮፓና የቻይና መኪኖች 433 ይጠቀማሉ። የማይመሳሰል ሴንሰር አዲስ ቢሆንም መኪናው አይሰማውም። ፕሮግራም የሚደረጉ ሴንሰሮች የአሮጌውን መለያ ቁጥር መቅዳት ይችላሉ፤ ያኔ መኪናው ለውጡን ሳያውቀው ይሠራል፤ ማስመዝገብም አያስፈልግም። ስለዚህ የወለቀውን ሴንሰር አይጣሉ፤ ቁጥሩ ላዩ ላይ ተጽፏል።

ጎሚስታው ጎማ ሲያወልቅ ሴንሰር እንዳለ አስቀድመው ይንገሩት። ማውለቂያው ብረት በቫልቩ በኩል ከገባ ሴንሰሩን ይሰብረዋል። በአሉሚኒየም ቫልቭ ውስጥ ተራ የናስ መርፌ ከገባ ደግሞ ሁለቱ ብረቶች እየተበላሉ ይጣበቃሉ፤ የኒኬል ቅብ ያለው መርፌ ነው የሚገባው። ቀዳዳ ለመድፈን የሚሞላው ፈሳሽም የሴንሰሩን ቀዳዳ ሊደፍን ይችላል።

አማራጭ 5፦ ከውጭ የሚታሰር መለኪያ

ለጃፓን ገበያ የተሠሩ ቪትዝና መሰል መኪኖች በአብዛኛው መቆጣጠሪያው ስለሌላቸው፣ ለእነሱና የሴንሰር ዋጋ ለከበደው ሰው የቀረበ አማራጭ ነው። በቫልቩ ክዳን ቦታ የሚጠመዘዙ አራት ትናንሽ ሴንሰሮችና በዳሽቦርዱ ላይ የሚቀመጥ ስክሪን ናቸው። ግፊቱን በቁጥር ያሳያሉ፤ ባትሪያቸውም በእጅ ይቀየራል። የመኪናውን የራሱን መብራት ግን አያጠፉም። በቀላሉ ይሰረቃሉ፤ በደንብ ካልጠበቁም ራሳቸው ንፋስ ያፈሳሉ። ከታሰሩ በኋላ የሳሙና አረፋ ይቀቡባቸው።

መብራቱን በፕላስተር መሸፈን፣ አምፖሉን ማውለቅ ወይም የባትሪ ገመድ መንቀል በአማራጭነት አልቆጥራቸውም። የባትሪ ገመድ መንቀል ጎማውን አይሞላም፤ ፊውዝ መንቀልም ብዙ ጊዜ በዚያው ፊውዝ የሚሠራ ሌላ መሣሪያ ያጠፋል። በአሜሪካ ጋራዥ መቆጣጠሪያውን አውቆ እንዲያሰናክል ሕግ አይፈቅድለትም። በብሪታንያ ከጃንዋሪ 2012 ወዲህ መንገድ ላይ የወጣ መኪና መቆጣጠሪያው ከተበላሸ ዓመታዊ ምርመራውን ይወድቃል።

ማነጻጸሪያ ሠንጠረዥ

| አማራጭ | ለየትኛው መብራት | ወጪ | መሣሪያ | ጉድለት ይደብቃል? | የሚቆይበት ጊዜ |
|---|---|---|---|---|---|
| መሙላትና መንዳት | ለማይርገበገብ | በጣም ዝቅተኛ | መለኪያ | አይደብቅም | ቀዳዳ ከሌለ ለወራት |
| ሪሴት | ከሞሉ በኋላ ለማይርገበገብ | የለውም | የለም | ሳይሞሉ ከተጫኑት አዎ | ንፋስ ወይም ጎማ እስኪቀየር |
| ማስመዝገብ | ሴንሰር ወይም ቸርኬ ተቀይሮ ለሚርገበገብ | መካከለኛ | የሴንሰር ማንበቢያ | አይደብቅም | ሴንሰሩ እስካለ |
| ሴንሰር መቀየር | ባትሪ አልቆ ለሚርገበገብ | ከፍተኛ | ማንበቢያና ጎሚስታ | አይደብቅም | ከ5 እስከ 10 ዓመት |
| የውጭ መለኪያ | መቆጣጠሪያ ለሌለው መኪና | ከዝቅተኛ እስከ መካከለኛ | በእጅ | አይደብቅም፤ የመኪናው መብራት እንደበራ ይቀራል | ባትሪው እስኪቀየር |

ለማን የቱ?

በጀትዎ ጠባብ ከሆነ የመጀመሪያው ግዢዎ ኪስ የሚገባ የራስ መለኪያ ይሁን። ከአንዱ ጎሚስታ ወደ ሌላው መለኪያዎች ስለሚለያዩ፣ አንድ የታወቀ መለኪያ በእጅዎ መኖሩ ብቻ ብዙ ክርክር ያስቀራል። መብራቱ የሚርገበገብ ሆኖ ሴንሰር ለመቀየር አቅም ከሌለዎት፣ በየሁለት ሳምንቱ ጠዋት በመለኪያው እያዩ እስከሚቀጥለው የጎማ መቀየሪያ ድረስ መቆየት ይችላሉ። መብራቱ የማይርገበገብ ከሆነ ግን አንድ ቀንም አያሳድሩት።

በራይድ ወይም በረጅም መንገድ ለሚሠሩ አራቱንም ሴንሰር መቀየር ወጪው ቢከብድም አንድ የፈነዳ ጎማ ከሚያደርሰው ጋር አይወዳደርም። ያ ካልሆነ የውጭ መለኪያው በቁጥር ስለሚያሳይ ለዚህ ሥራ ይስማማል።

የኤሌክትሪክ መኪና ላላቸው ትልቁ ጉዳይ የተለመደው 30 ነው። ኢትዮጵያ በ2024 የነዳጅ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ የቻይና ኤሌክትሪክ መኪኖች በዝተዋል፤ ከባትሪያቸው ክብደት የተነሳ ወረቀታቸው ላይ 36ና ከዚያ በላይ ማየት የተለመደ ነው። ቁጥሩን ለጎሚስታው በግልጽ ይንገሩት፤ ሲሞላም አጠገቡ ቆመው ይዩ። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ያላችሁ ደግሞ በቀትር በሞቀ ጎማ ላይ ንፋስ ከማስወጣት ተቆጠቡ፤ ጠዋት ከቤት ሳትወጡ ለኩ።

ያገለገለ መኪና የሚገዙ ከሆነ፣ ሞተሩ ሳይነሳ ማብሪያውን ኦን ያድርጉና መብራቱን ይጠብቁ። ጤነኛ መኪና ላይ ለጥቂት ሰከንድ በርቶ ይጠፋል። ለአሜሪካ ገበያ የተሠራ የ2008 ወይም ከዚያ ወዲህ ያለ ሞዴል ሆኖ ጭራሽ ካልበራ፣ አንድ ሰው ነካክቶታል፤ በዋጋው ላይ የአራት ሴንሰር ሂሳብ አስቀንሰው ይደራደሩ።